ለከርሞ የተባለው

ዛሬ ሐሙስ ነው። አዲስ አበባ ሐሙስን ብዙም አታውቀውም። ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፣ ቅዳሜ ይሸመታል፣ እሑድ ይቀደሳል፣ ሰኞ ይረገማል፤ ሐሙስ በመካከል አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። እኔን ግን የሐሙስ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ትከሻዬ ላይ ምንም ሳይኖር፣ የአኩፋዳዬ ማንገቻ የቆረቆረኝ ይመስለኝና እጄን ወደ አንገቴ እሰዳለሁ። ካወረድኩት ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው። ትከሻዬ እስካሁን አልሰማም።

አይ ሐሙሲት! ስምሽን ከገበያሽ ቀን የወሰድሽ፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣ ሁሉ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በመስኮት የሚያይሽ፣ አይቶም የሚረሳሽ። ለሹፌሩ ፍጥነት መቀነሻ ነሽ። ለአንበሳሜና ለእስቴ ሰው መገንጠያ ነሽ። ለነጋዴው ጤፍና ዳጉሳ፣ ኑግና ሽምብራ ነሽ። ለእኔ ግን መጀመሪያ እጄን የዘረጋሁብሽ ነሽ፤ በማርያም ስም ለምኜ እፍኝ ጥሬ የተቀበልኩብሽ፣ ያንን ጥሬ ቆልቼ ቃሉን የተማርኩብሽ። ብድሩን አልመለስኩም። ይኸው በየሳምንቱ ትመጪብኛለሽ።

እኔ የጉና ሥር ልጅ ነኝ። ከደብረ ታቦር በላይ፣ ገብስና ድንች በሚበቅልበት፣ ሰው በነሐሴ ጋቢ ደርቦ በሚንቀጠቀጥበት አገር ተወለድኩ። አባቴ ልጁ ካህን እንዲሆን ተሳለ። በአገሩ የሚማር ልጅ የእናቱ ወጥ ይሸተዋል፣ ወጡም ከፊደሉ ይጣፍጠዋል ብሎ፣ በ1984 ዓ.ም. መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ፣ ደበሎ አልብሶ ወደ ደራ ሰደደኝ። ከሐሙሲት በእግር ሁለት ሰዓት የምታስኬድ፣ በወይራና በዋንዛ የተከበበች አንዲት አጥቢያ ነበረች። ከደጀ ሰላሙ ጀርባ የተማሪ ጎጆዎች ነበሩ፤ ዝቅ ያሉ፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባባቸው፣ ከውስጣቸው ሁልጊዜ የሚወጣው ጭስና ድምፅ ብቻ የሆነ።

ያንን ድምፅ እንዴት ልናገረው? ሃያ ልጅ ሃያ ዓይነት ትምህርት በአንድ ጊዜ ይጮኻል። አንዱ አቡጊዳ ይቆጥራል፣ አንዱ የዮሐንስን መልእክት በግእዝ ንባብ ይጎትታል፣ አንዱ ውርድ ንባብ ላይ ነው፣ ሌላው ዳዊቱን በቁም ንባብ ያንቆረቁረዋል፣ ከወዲያ ጥግ ትልልቆቹ ዜማ ይዘዋል። ከውጭ ለሚሰማው የተነካ ቀፎ ነው። የኔታ ግን ከመደባቸው ላይ ተጋድመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከሃያው ድምፅ መካከል አንዷን የሳተች ፊደል ይለቅሟታል። «አንተ! ጣልካት፤ አንሣት!» ይላሉ። ቃል የሚወድቅ ነገር መሆኑን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። እንደ እንጀራ። ከወደቀ ጎንበስ ተብሎ፣ ተስሞ፣ የሚነሣ።

ማታ መብራት የለም። ጧፍ ለቤተ መቅደስ ነው። በጨለማ የምንማረው የቃል ትምህርት ነበር፤ የኔታ ይላሉ፣ እኛ እንቀበላለን፤ ይላሉ፣ እንቀበላለን። ያንቀላፋውን በመቋሚያቸው ጫፍ ነካ ያደርጉታል። ውዳሴ ማርያምን ፊደሉን ሳላይ ነው የያዝኩት፤ ዛሬም መጽሐፉን ገልጬ ሳነብበው የተጻፈው ቃል ባዕድ ይሆንብኛል፤ የእኔው የጭስ ሽታ አለው።

ቀን ደግሞ ልመና አለ። በእንተ ስማ ለማርያም! ይህችን ቃል ያልጮኸ ሰው የልመና ፍርሃት አያውቅም። የመጀመሪያዋ ቀን ከአንድ አጥር ሥር ቆሜ ድምፄ አልወጣ አለኝ፤ ውሻው ግን ወጣ። ከዚያ ወዲህ ውሻውን በስሙ አወቅሁት፤ ስሙ ቡቼ ነበር፤ ቡቼም እኔን በደበሎዬ ሽታ አወቀኝ፤ ተዋውቀንም አልተዋደድንም። ባለቤቶቹ የሌላቸው ዕለት «እግዜር ይስጥህ» ይላሉ። ያላቸው ዕለት ኩርማን ይቆርሳሉ። ከአሥር ቤት የተለመነ እንጀራ በአንድ አኩፋዳ ሲገባ የሐሙሲት ምድር ሁሉ እዚያ ነው፤ ነጭ ጤፍ፣ ሰርገኛ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎ፣ የፎገራ ሩዝ የተቀላቀለበት፣ የትናንት፣ የከትናንት ወዲያ፣ ሽሮ የነካው፣ ምንም ያልነካው። የታመመ ተማሪ ካለ ለስላሳው ለእሱ ይለያል። የተረፈው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል። ሐሙስ ግን ገበያ ነውና ጥሬ ይገኛል። እህል ሻጮቹ ተሜ ሲመጣ ከቁናቸው አፍ እፍኝ ያነሣሉ፤ አንዳንዷ እፍኟን በመሐል ታጠብቀዋለች፣ አንዳንዷ ጣቷን ከፍታ ታፈስሰዋለች። እጅ አይቼ ሰው መለየት የተማርኩት እዚያ ነው። ከዚያ የበለጠ ትምህርት ቤት አልገባሁም ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ግን ብዙም አላጋነንኩ።

የኔታ የመጻሕፍት ትርጓሜ ከጥንት ጉባኤ ቤት ተምረው ነበር። አልፎ አልፎ፣ ደስ ያላቸው ዕለት፣ ለትልልቆቹ አንዲት ኃይለ ቃል ያነሣሉ፤ እኛ ትንንሾቹ ከበሩ ጀርባ ሆነን እንሰማለን። ንባቡን ይላሉ፣ ይተረጉሙታል፤ ከዚያ «አንድም» ይላሉ። ሌላ በር ይከፈታል። «አንድም» ይላሉ እንደገና። ሌላ። ሊቃውንቱ የላይ ቤትና የታች ቤት ተባብለው ለምን እንደተለያዩ ያን ጊዜ አላውቅም፤ እኔ የማውቀው ቃል ቤት እንደሆነ፣ ቤቱም ከጓዳው ወዲያ ሌላ ጓዳ እንዳለው ነው። እኔ ገና ከደጁ ነበርኩ። ዳዊትን ደግሜ፣ ጾመ ድጓ ጀምሬ፣ የምጮኸው ግእዝ ምን ማለት እንደሆነ ከአሥር ቃል አንዱን እንኳ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ደፍሬ «የኔታ፣ ምን ማለት ነው?» አልኳቸው። «አሁን ዋጠው። ለከርሞ ታመነዥከዋለህ» አሉኝ።

ለከርሞ።

እንግዲህ ቃሉን ከሰጡኝ ከየኔታ ሌላ፣ እንጀራውን የሰጡኝ አንዲት እናት ነበሩ። ዛሬ ቆብ ደፍተው እማሆይ ሆነዋል፤ ያኔ ባላቸው የሞተባቸው፣ ሁለት በግና አንድ ጓሮ የነበራቸው የገበሬ ሚስት ነበሩ፤ «እናቴ» ነበር የምላቸው። የቡቼ ባለቤትም እሳቸው ነበሩ። ፊደል አይለዩም። እንጀራውን ይዘው ይወጡና ወዲያው አይሰጡኝም። «ዛሬ ምን ተማርክ ተሜ?» ይላሉ። እኔ ከደጃፉ ቆሜ፣ አንድ ዓይኔን ውሻው ላይ፣ አንድ ዓይኔን እንጀራው ላይ አድርጌ የዕለቱን ትምህርቴን አወርደዋለሁ። እሳቸው የነጠላቸውን ጫፍ በአፋቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ዓይናቸውን ይከድናሉ። እኔም የምለውን አላውቀው፣ እሳቸውም የሚሰሙትን አያውቁት። ስጨርስ ግን ፊታቸው የጠገበ ሰው ፊት ነበር። ያ ፊት እስከ ዛሬ ያሳድደኛል። እኔ እንጀራቸውን በልቼ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይርበኛል፤ እሳቸው የእኔን ያልገባኝን ቃል በልተው እስከ ማግስቱ ይጠግባሉ።

አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቁኝ። «ምን ማለት ይሆን ልጄ?»

«የኔታ ለከርሞ ይነግሩኛል» አልኳቸው።

«እሺ» አሉ፤ «ለከርሞ ትነግረኛለህ።»

ከአጥቢያዋ በላይ አንድ ጉብታ አለ። ከሰዓት በኋላ ልመና ውለን ስንመለስ እዚያ ላይ እናርፋለን። ቀኑ ከጠራ ጣና ከሥር ተዘርግቶ ይታያል፤ ከደራ ዳርቻ ባሻገር ጣና ቂርቆስ፣ ታቦተ ጽዮን ያረፈችበት፣ ቅዱስ ያሬድም የደረሰበት እየተባለ የሚነገርለት። በዚሁ በእኛ በኩል ደግሞ ከሐይቁ ዳር ጓንጉት አለች፤ የክርስቶስ ሠምራ ገዳም። በነሐሴ 24 በዓሏ ጭቃውን እየረገጥን እንሄድ ነበር። ከቡልጋ መጥታ ጣና ውኃ ውስጥ ቆማ ስለጸለየችው ስለዚህች ሴት የኔታ ሲነግሩን፣ ለዲያብሎስም ምሕረት ለመነች፣ ከእግዚአብሔር ጋር ላስታርቀው አለች ሲሉን፣ እኛ ሳቅን። የኔታ አልሳቁም። «የእሷ አኩፋዳ ከእናንተ ይሰፋል። እናንተ ለሆዳችሁ ትለምናላችሁ፤ እሷ ማንም ደጁን ለማይከፍትለት ቁራሽ ለመነች» አሉ። ዝም አልን። ከሥራችን ሐይቁ ቀስ እያለ ይጠቁራል፤ የደንገል ታንኳ ይዘው የሚመለሱ ሰዎች እንደ ነጠላ ሰረዝ ነበሩ።

ከሁሉ ከሁሉ ግን ጸሎተ ሐሙስ። ሐሙሲትን ከሐሙሶች ሁሉ በዚያች ሐሙስ ነው የማስታውሳት። በየቤቱ ጉልባን ይቀቀላል፤ ስንዴው፣ ባቄላው፣ ሽምብራው ሳይፈጭ። የዚያን ዕለት ለተማሪ የሚሰጠው በእፍኝ ሳይሆን በጣባ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕጽበተ እግር ይደረጋል፤ ውኃው ላይ የወይራና የወይን ቅጠል አለ። በ1988 ዓ.ም. እግሬን ያጠቡኝ የኔታ ናቸው። የተማሪ እግር እግር አይባልም፤ ተረከዙ እንደ በጋ መሬት የተሰነጠቀ፣ ጭቃው ከቆዳው ጋር የተዋሐደ ነው። አፈርኩ፤ ወደ ኋላ ሳብኩት። ቁርጭምጭሚቴን ያዙኝ። አጥበው አጥበው፣ ተረከዜ ላይ ሲደርሱ አውራ ጣታቸው ቆመ። የሰነበተ እሾኽ ነበር። ሥርዓቱን አቋርጠው፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሕዝብ እያየ፣ በሁለት ጥፍራቸው መካከል ጨምቀው ነቀሉት፤ አዩት፤ ወደ ውኃው ጣሉት። ከዚያ ማጠባቸውን ቀጠሉ። በጌታ እራት ምሽት ኅብስቱን ቆርሶ የሰጠውና ጎንበስ ብሎ እግር ያጠበው አንድ እጅ መሆኑን የሚናገር ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ጥሩ ጥሩ ስብከትም ሰምቻለሁ። የእኔ ስብከት ግን ያ እሾኽ ነው፤ በወይራ ቅጠሉ አጠገብ ተንሳፍፎ።

ጾመ ድጓውን ከየኔታ አፍ እየተቀበልኩ ነበር። መጽሐፉ ብራና ነው፤ ከግድግዳው በማኅደሩ ተንጠልጥሎ ይኖራል፤ የሚወርደው ለምስክርነት ብቻ ነው። ገጾቹ ላይ ጧፍ ተንጠባጥቦባቸዋል። ከፊደሉ አናት ላይ ደቃቅ ምልክቶች አሉ፤ ለእያንዳንዳቸው የኔታ ከሕማማቱ አንድ ነገር ያስቡላቸዋል። ይዘት፣ መያዙ። ሂደት፣ መጎተቱ። ጭረት፣ የግርፋቱ ሰንበር። ርክርክ፣ የደሙ መንጠብጠብ። እኛ ልጆቹ ርክርክ ስንደርስ ድምፃችን ከጉሮሯችን እንዲንቀጠቀጥ እንታገላለን፤ እሳቸው «አታስመስል፤ ይንጠብጠብ ተወው» ይላሉ። ዘወረደን ያዝኩ። ቅድስትን ያዝኩ። ምኩራብን፣ መፃጉዕን፣ ደብረ ዘይትን። ከደብረ ዘይት ቀጥሎ ያለውን ገጽ ግን አይቼዋለሁ እንጂ አልተማርኩትም። ጠርዙ ከእኔ በፊት ባለፉት ተማሪዎች አውራ ጣት ጠቁሮ ነበር፤ አናቱ ላይ ቀይ ቀለም ነበረው።

በ1989 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም፣ በዚያው በደብረ ዘይት ሳምንት፣ አጎቴ መጣ። አዲስ አበባ ሥራ ይዞ ነበር፤ ጫማ አድርጎ ነበር። «ዘመኑ የዚህ አይደለም፤ ወስጄ አስተምረዋለሁ» አለ። የኔታ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ኖሮ ምናልባት እቀር ነበር። «ገብር ኄርን ስትመለስ» አሉኝ ብቻ። ሐሙስ ነበር። ከሐሙሲት ገበያ እህል ከጫነ አይሱዙ ላይ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ወጣሁ። እናቴን፣ የዛሬዋን እማሆይን፣ በገበያው መሐል በሩቅ አየኋቸው፤ እንቁላል ይዘው ቁጭ ብለዋል። አልጠራኋቸውም። ከመኪና ላይ ሆኜ መጣራት ነውር መስሎኝ ነው ብዬ ብዙ ዓመት ራሴን አታለልኩ። እውነቱን ልናገር? ከጆንያው ላይ ከፍ ብዬ መታየቴ ደስ ብሎኝ ነበር።

ገብር ኄር ምን እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው። የስድስተኛው ሳምንት እሑድ፤ ጌታው የሰጠውን መክሊት አትርፎ የተመሰገነው ታማኝ አገልጋይ፣ መክሊቱን ወስዶ መሬት የቀበረው ሰነፉም የሚታሰቡበት። የተውኩት እዚያ ላይ ነው። ሰው ሆን ብሎ ቢመርጥ እንዲህ አይመርጥም።

ከተማው ክፉ አልነበረም። ተማርኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ቤት ኪራይ ከፈልኩ። በመጀመሪያው ደመወዜ መጽሐፍ ቅዱስ ገዛሁ፤ በ1954 ዓ.ም. የታተመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትርጉም ቅጂ። ዳዊትን ገልጬ በአማርኛ አነበብኩት። ያ ለከርሞ የተባለው ይኸው! አምስት ዓመት በጭስ ውስጥ ሳላውቀው የጮኽኩት ቃል ይኸው በአማርኛዬ! የገለጥኩት ሁለት መስመር ነው። ገባኝ። መጽሐፉን ከደንኩ፤ እራቴን በላሁ፤ ተኛሁ። አልነካኝም። እንዲህ ቀላል ከሆነማ የኔታ ለምን ያን ያህል አስጠበቁኝ ብዬ ተከፋሁ።

አሁን ደግሞ ቃሉ ከእጅ ላይ አይጠፋም። ስልኬ ውስጥ መጽሐፍ ቅዱሱ አለ፣ ስንክሳሩ አለ፣ ድጓው በድምፅ አለ፣ ለየዕለቱ ሰባኪ አለው። ሳህን እያጠብኩ ወንጌል እሰማለሁ። መንገድ ተዘግቶ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን ተግሣጽ በእጥፍ ፍጥነት አስሮጠዋለሁ። ሰባኪው ሲጨርስ ሕዝቡ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ይላል፤ እኔም ለብቻዬ እላለሁ። ይህች ምርቃት ግን ታስገርመኛለች። ሰምተን ጨርሰን ነው «ያሰማልን» የምንለው። ገና እንዳልሰማን የሚያውቅ ሰው ነው ያወጣት።

ረሀብ። አንድም የሆድ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፊደሉ ሁለት ሁለት ሆኖ የሚታይበት፣ ቆሎዋ አንድ በአንድ ተቆጥራ የምትበላበት። አንድም የጆሮ ነው፤ ነቢዩ አሞጽ የእንጀራና የውኃ አይደለም ብሎ ያስጠነቀቀው፣ ሰው ቃሉን ፍለጋ ከዳር እስከ ዳር የሚባዝንበት። አንድም የጥጋብ ረሀብ ነው፤ ይኸ የእኔው ነው፤ ገበታው ሞልቶ ምራቅ የሚጠፋበት። አንድም የመምህር ረሀብ ነው፤ ይኸን ማንም አይጽፈውም። መምህር የሚርበው የሚረከበውን ነው። ስንቱን ልጅ ከፊደል አንሥቶ ዳዊት አድርሶ፣ ዜማ አስጀምሮ፣ አንዱ በወባ፣ አንዱ በወላጅ ሞት፣ አንዱ በአይሱዙ ሲሄድበት፣ ከመደቡ ላይ ተጋድሞ በሩን የሚያየው ነገር። የኔታ በሩን ያዩ ነበር። እኔም አይቻቸዋለሁ፤ ሌላ ልጅ የሄደ ዕለት።

የሚቀረኝ መንገድ የት የት ያደርሰኝ እንደነበር አሁን በካርታ ላይ በጣቴ እከተለዋለሁ። ለድጓው ጋይንት ቤተልሔም፤ የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ ብርዷ አጥንት ይገባል ይሉ ነበር ደርሰው የመጡት። ለዝማሬና ለመዋሥዕቱ ዙር አምባ። ለቅኔው ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም፤ ከጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ጀምሮ እስከ መወድስ፣ ጫካ ለጫካ ቅኔ እየቆጠሩ፣ ሰሙን ለዛፉ ወርቁን ለራስ እያሉ። ለአቋቋሙ ደግሞ ወደ ተወለድኩበት ተመልሼ ደብረ ታቦር ኢየሱስ፤ የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና ያመጡት፣ በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው ዝማሜ ምስክር ቤቱ እዚያ ነው። ሰው አለቃን በቀልዳቸው ብቻ ነው የሚያውቃቸው፤ ያሳዝነኛል። የጣና ማዕበል ሲመላለስ፣ ሸምበቆው ሲወዛወዝ አይተው ነው ዝማሜውን ያገኙት ይባላል። መቋሚያው ወደ ቀኝ ሲሄድ ሰውነት ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ ይመለሳል። በልጅነቴ ለቡሄ ነሐሴ 13 አባቴ በትከሻው ተሸክሞኝ አይቼዋለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ውኃ ሆነው ነበር። ዞሬ ዞሬ ከወላጅ እናቴ ቤት ደጃፍ ልደርስ ነበር እኮ! ሃያ ዓመት ይፈጅብኝ ነበር። ያ ሃያ ዓመት እንደሁ አልፏል፤ በሌላ ነገር።

የኔታ ማረፋቸውን የሰማሁት ከአርባቸው በኋላ ነው። ሄድኩ። በሐሙስ ደረስኩ። ጎጆዎቹ አንሰውብኛል፤ በሩ ደረቴ ላይ ነው የሚደርሰው። ልጆቹ ገበያ ወርደዋል። መቃብራቸው ላይ ማንም ያልጻፈበት ድንጋይ አለ፤ ቃላቸውን በሙሉ በአፋቸው ያኖሩ ሰው ናቸውና ድንጋዩ ባዶ መቅረቱ አልከፋኝም። ጎንበስ ብዬ ከአፈሩ ቆንጠር አድርጌ በመሐረብ ቋጠርኩ። ሌላ የምረከበው ነገር አልነበረኝም። እማሆይን ያን ዕለት አላገኘኋቸውም፤ ጓንጉት ወርደዋል አሉኝ። በሚቀጥለው እመጣለሁ አልኩ። ለከርሞ።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ስልኩ ሲሠራ ሲጠፋ፣ «ዘንድሮ ይቅርብህ» ሲሉኝ ከረመ። አገሬ ከእኔ ያን ያህል አትርቅም፤ አሜሪካ ያለው ጓደኛዬና እኔ ግን ናፍቆታችን እኩል ሆነ። ዐቢይ ጾም በመጣ ቁጥር አምስቱን ሳምንት በቃሌ እወርደዋለሁ፤ መኝታ ቤት ተዘግቼ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። ደብረ ዘይትን ስጨርስ አፌ ይከፈትና ባዶ ይሆናል። በስልኬ ላይ ገብር ኄር አለ፤ በሚያምር ድምፅ የተቀዳ። ስንት ጊዜ ጣቴን አስጠግቼ መለስኩት። ከማሽን ብቀበለው የኔታን የካድኳቸው ይመስለኛል፤ ይኸ ቂልነት ነው፤ አውቃለሁ፤ ግን አልችልም።

ባለፈው ሐሙስ ማታ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። የእማሆይ የልጅ ልጅ ነው፤ ቁጥሬን ከየት እንዳገኘው እንጃ። «አያቴ ይፈልጉሃል» አለኝ። ከዚያ ድምፃቸው መጣ፤ ቀጥኗል።

«ተሜ!»

አርባ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዓለም ላይ ተሜ ብሎ የሚጠራኝ አንድ ሰው ቀርቷል።

ዓይናቸው እንደደከመ ነገሩኝ። በጎቹ እንደሌሉ። ከጎጆዎቹ አንዷ ብቻ እንደቆመች፣ ልጆቹ ስድስት እንደቀሩ፣ ልመናም እንደ ድሮው እንደማይወጡ፣ እሳቸው ግን ለስድስቱም በየተራ እንደሚሰጡ። «ዛሬ ምን ተማርክ እላቸዋለሁ፤ እንዳንተው» አሉ። ከዚያ፣ እንደ ዋዛ፣ «አንተማ አሁን ጨርሰሃል» አሉኝ። «አመንዥከኸዋል።»

ዝም አልኩ። መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው «ሃሎ፣ ሃሎ» አሉ።

«አለሁ እማሆይ።»

«ልጆቹ ማታ ማታ የቃል ትምህርት ይዘዋል፤ እዚሁ ከአጥሩ ወዲያ ነው። ቆይ ላሰማህ» አሉ። ስልኩን ወደ ውጭ ሲይዙት ይሰማኛል፤ የነጠላ መንኮሻኮሽ፣ የእርምጃ፣ የበር ድምፅ። ከዚያ ነፋስ። ጆሮዬን አጥብቄ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ከነፋሱ ወዲያ ያለውን ለመልቀም ተጣጣርኩ። አንድም ፊደል አልመጣልኝም። የመጣው ውሻ ነው። ይጮኻል። ቡቼ ከሞተ ስንት ዓመቱ፤ የልጁ የልጅ ልጅ ይሆናል፤ አጯጯሁ ግን ያው ነው፤ ሦስት ጊዜ ይጮኽና ያስባል፣ ሦስት ጊዜ ይጮኽና ያስባል።

«ሰማህ?» አሉኝ ተመልሰው።

«ሰማሁ እማሆይ።»

«ቃለ ሕይወት ያሰማልን» አሉ፤ ስልኩም ተቋረጠ።